የእስክንድርን ወራሾች በአንድ ካርታ ላይ ማመጣጠን

በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ፣ ከታላቁ እስክንድር ወራሽ መንግሥታት አንዷ የሆነችው ሴሌውቅያ 60 ዙር ሳይሞላ ከሳርዴስ እስከ ባክትርያ ያለውን ሁሉ ውጣ ወደ ሜምፎስ ስትወርድ፣ ወይም ግብፅ ገና በጠዋቱ አንጾኪያ ስትገባ፣ ብዙ የሞድ (የጨዋታውን ፋይሎች የሚቀይር ሥራ) ሠሪ መጀመሪያ የሚነካው የወታደሩን ነጥብ ነው። የአንዱን ፋላንክስ (ረጅም ጦር ይዞ ተጠጋግቶ የሚሰለፍ እግረኛ) ማጥቃት በ2 ይቀንሳል፣ የሌላውን መከላከያ በ2 ይጨምራል፤ ካርታው ግን ያው ነው። እዚህ የምናየው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ሮም ቶታል ዋር ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 272 አካባቢ ለሚነሣ ዘመቻ ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ መሬትና ርቀት፣ ከዚያ ጎረቤት፣ በመጨረሻ ነጥብ።

ለምን ቢባል፣ እናንተ የሌላችሁበትን ውጊያ ጨዋታው ሜዳ ላይ አያዋጋውም፤ በስሌት ይጨርሰዋል። በስሌቱ ውስጥ ሳሪሳ (የፋላንክሱ ረጅም ጦር) ርዝመት የለውም፣ ፋላንክስ የሚጋለጥ ጎን የለውም። የሚቆጠረው የሰው ብዛትና ነጥብ ነው። ሜዳ ላይ ሲዋጉ እኩል የሚመስሉ ሁለት ወገኖች ካርታው ላይ አንዱ ሌላውን ሲበላ የሚታየው በዚህ ነው፤ ብዙ ጦር የሚያሰልፈው ብዙ ገንዘብ ያለው ነውና። በመጀመሪያው ጨዋታ ግብፅ ሴሌውቅያን ታጠፋ ነበር። ሴሌውቅያን በታሪክ የነበራትን ሰፊ ግዛት ይዛ እንድትነሣ ያደረጉ ሞዶች ደግሞ ተቃራኒው ደረሰባቸው፤ ኤውሮፓ ባርባሮረም በሚባለው ሞድ ተጫዋቾች የሴሌውቅያን መስፋፋት ከቀለሟ ተነሥተው «ግራጫው ሞት» ብለውታል።

ምንም ሳትነኩ በፊት ያለውን መለካት ያስፈልጋል። የዳታ ማኅደሩን ሙሉ ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። በጨዋታው ሾርትከት ላይ ሾው ኧር የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩ፤ ያለ እሱ ፋይል ውስጥ ያለ ስህተት ጨዋታውን ዝም ብሎ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰዋል፣ የቱ መስመር እንደተበላሸ አታውቁም። ከዚያ ከምሥራቁ በጣም የራቀ ወገን፣ ለምሳሌ ብሪታንያን፣ ይዛችሁ መካከለኛ ክብደት ላይ ዘመቻ ጀምሩ፣ በኮንሶሉ ቶግል ፎው ብላችሁ የካርታውን ጭጋግ ግለጡና ዙሩን ብቻ እየጨረሳችሁ 100 ድረስ ሂዱ። አንድ ዓመት ሁለት ዙር ስለሆነ ይህ 50 ዓመት ነው። በ20ኛው፣ በ40ኛው፣ በ60ኛውና በ100ኛው ዙር የእያንዳንዱን ወገን የከተማ ብዛት፣ እንዲሁም ደማስቆን፣ ሳርዴስንና ቆሮንቶስን ማን እንደያዘ መዝግቡ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። አንድ ሩጫ ይዋሻል፤ አንድ ንጉሥ በአጋጣሚ ቀድሞ ሲሞት ወይም አንድ ከበባ ሳይሳካ ሲቀር ውጤቱ ሁሉ ይገለበጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኤክስፖርት ዴስክር ዩኒት በሚባለው ፋይል እያንዳንዱ የጦር ክፍል ስታት ኮስት የሚል መስመር አለው። ለምሳሌ እንዲህ ቢል፦

ስታት ኮስት 1, 600, 210, 60, 90, 600

የመጀመሪያው ለምልመላ የሚፈጀው ዙር ነው፤ ሁለተኛው መመልመያ ዋጋ፤ ሦስተኛው በየዙሩ የሚከፈል ቀለብ፤ አራተኛውና አምስተኛው መሣሪያና ጥሩር ማሻሻያ፤ የመጨረሻው ከዘመቻ ውጭ ለሚደረግ ውጊያ የሚቆጠር ዋጋ። ሰው ሁሉ የሚቀይረው ሁለተኛውን ነው፤ ሚዛኑን የሚያነሣና የሚጥለው ግን ሦስተኛው ነው። 600ው አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ 210ሩ ክፍሉ እስኪሞት ድረስ። በዙር 1,050 የሚተርፍላት ከተማ በ210 ቀለብ 5 ክፍል ትይዛለች። ቀለቡ 260 ቢሆን 4 ብቻ ትችላለች። አንድም የውጊያ ነጥብ ሳይነካ ሠራዊቱ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሦስቱም ወገኖች (መቄዶንያ፣ ሴሌውቅያና ግብፅ) አንድ የፋላንክስ ክፍል የሚጋሩ ከሆነ ቀለቡን መለያየት አይቻልም፤ መስመሩ የክፍሉ እንጂ የወገኑ አይደለም። ስለዚህ ለመቄዶንያ፣ ለሴሌውቅያና ለበጥሊሞሳውያን (ለግብፅ ነገሥታት) ለየብቻ ክፍል ጻፉ፣ መልካቸው አንድ ቢሆንም። መነሻ የሚሆን ልዩነት፦ የመቄዶንያ 180፣ የሴሌውቅያ 220፣ የግብፅ 270። ይህ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። መቄዶንያ ድሃ ነበረች፤ ወታደሯ ግን የገዛ ገበሬዋ ነው። በጥሊሞስ ሀብታም ነበር፤ መቄዶንያዊ ወታደር ግን አገሩ ስለማያበቅልለት መሬት እየሰጠ ማስፈር፣ ቅጥረኛም በደመወዝ መያዝ ነበረበት።

ሴሌውቅያን የሚይዛት ርቀት ነው። በዚህ ጨዋታ ከዋና ከተማ የራቀ ከተማ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ የሕዝብ ቅሬታ ይሸከማል፣ በሙስና የሚጠፋውም ገቢ ከርቀቱ ጋር ይጨምራል። ዋና ከተማዋ አንጾኪያ ከሆነች ምሥራቁ ይከብዳል፣ በጤግሮስ ላይ ያለችው ሴሌውቅያ ከሆነች ደግሞ ሳርዴስ ትላላለች። አንጾኪያ ትሻላለች፤ ከበጥሊሞስ ጋር የሚደረገው ግብግብ የዙፋኑ ጉዳይ ሆኖ እንዲቀጥል ያደርጋል። ባክትርያን ግን ከመጀመሪያው የተለየ ወገን አድርጋችሁ ከሴሌውቅያ ጋር በቃል ኪዳን አስነሷት። የባክትርያው አገረ ገዥ ዲዮዶጦስ የተገነጠለው በዚያው ምዕተ ዓመት መካከል ላይ ስለሆነ ሃያ ዓመት ያህል መቅደሙ ታሪኩን አያፈርስም፤ ጳርቴያውያን በጎን ሲጨመሩ ደግሞ ሴሌውቅያ ጀርባዋን ሳታይ ወደ ግብፅ መውረድ አትችልም።

እዚህ ላይ ማብዛት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሦስት ከተሞች በአምስት ዙር ውስጥ ካመፁ ኮምፒውተሩ ጦሩን ሁሉ መልሶ የራሱን ከተሞች ይከባል፤ ሶርያ ባዶ ትቀራለች፣ ግብፅም ሰተት ብላ ትገባለች። ይህን ያያችሁ እንደሆነ ቀለቡን አትቀንሱ። የዘመቻውን መነሻ ሁኔታ በሚይዘው ዴስክር ስትራት በሚባለው ፋይል ውስጥ ለሩቆቹ ከተሞች ሕግ የሚያስከብር አንድ ሕንፃና ሁለት ርካሽ ጠባቂ ክፍል ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

ማጠፊያው ሶርያ ነው። ከ274 እስከ 168 ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው) ሴሌውቅያና ግብፅ ስድስት ጊዜ የተዋጉት በዚህች ጠባብ ምድር ነው፤ ሞዱም እዚህ መጨናነቅ አለበት። ለሲዶና፣ ለጢሮስና ለኢየሩሳሌም የድንጋይ ቅጥር ስጡ። የእንጨት ቅጥር ያላት ከተማ በር መምቻ ግንድ እስኪሠራ ብቻ ነው የምትቆየው፤ ኮምፒውተሩ ከበባ በጀመረ በማግሥቱ ዙር ይገባል። በድንጋይ ቅጥር ፊት ግን ሲንገታገት ረዳት ጦር ይደርስበታል። የሁለቱን ወገኖች ጠላትነት ከፍ አድርጎ በዴስክር ስትራት መጨረሻ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ዋጋው ትንሽ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠላትነት ቁጥር ይልቅ የሚያየው ድንበሩ ላይ ማን ደካማ እንደሆነ ነው።

በዚያው ፋይል የማንም ያልሆኑትን ከተሞች ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ወገን በሁለት ሦስት ዙር ጉዞ ውስጥ ስንት አሉ? አንዱ 6፣ ሌላው 2 ካለው በ20ኛው ዙር የሚያብጠው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ታውቋል። ቁጥሩን ማስተካከል ካልተቻለ በነዚያ ከተሞች ያለውን ጠባቂ ከ2 ወደ 6 ክፍል አሳድጉ።

ግብፅን የምትገድቡት በሰው ነው። በዚህ ጨዋታ ምልመላ ከከተማው ሕዝብ ይቀንሳል፤ የአባይ ከተሞች ግን ሕዝባቸው ስለማያልቅ ልጓሙ አይሰማቸውም። መፍትሔው ስውር ሀብት የሚባለው፣ ተጫዋቹ የማያየው ለግዛት የሚሰጥ ምልክት ነው። የግዛቶቹ ፋይል በሆነው ዴስክር ሪጅንስ ውስጥ «ሰፋሪ» የሚል ስውር ሀብት ለእስክንድርያ፣ ለሜምፎስ፣ ለአንጾኪያ፣ ለአፓሜያ፣ ለሳርዴስና ለመሰሏቸው ብቻ ስጡ፤ ከዚያ የሕንፃዎቹ ፋይል በሆነው በኤክስፖርት ዴስክር ቢልዲንግስ የመቄዶንያዊ ፋላንክስ ምልመላ ይህን ሀብት እንዲጠይቅ አድርጉ። የስውር ሀብት ጣሪያ 64 ስለሆነ አታባክኑት። ለውጡ ካልታየ ማፕ አርደብልዩኤም የሚባለውን ፋይል አልሰረዛችሁም ማለት ነው፤ ጨዋታው አሮጌውን ካርታ እያነበበ ነው። የወገኖች ዝርዝር ሲጻፍ ደግሞ ከመጨረሻው ስም ቀጥሎም ኮማ አለ፤ እሷ ስትረሳ ፋይሉ በሙሉ አይነበብም።

የግብፅ ተወላጆች ፋላንክስ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ርካሽ፣ ግን ዋጋ ያለው ይሁን። በ217 በራፊያ ውጊያ አራተኛው በጥሊሞስ 20,000 ግብፃውያንን በፋላንክስ አሰልፎ የሴሌውቅያውን ንጉሥ አንጥያኮስን አሸነፈ፤ ብዙም ሳይቆይ በገዛ አገሩ አመፅ ተነሣበት። ይህን ለማሳየት ክፍሉን በሚያስመለምለው ሕንፃ ላይ የደስታ ነጥብ 2 ቀንሱ። አንዱ ነጥብ 5 በመቶ ስለሆነ 10 በመቶ ቅሬታ ይሆናል። ከ3 በላይ ከቀነሳችሁ ኮምፒውተሩ አደጋውን ሳያይ ሕንፃውን በየከተማው ሠርቶ ራሱን ያፈርሳል።

ስለ ዝሆን አንድ ነገር፣ ለእኛ ቅርብ ስለሆነም። በጥሊሞሳውያን የህንድ መንገድ ስለተዘጋባቸው ዝሆን የሚያድኑት በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዛሬ ሱዳንና ኤርትራ በሆነው ምድር ነበር። አዱሊስ ላይ የነበረው የሦስተኛው በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ ከኢትዮጵያ ስለተያዙ ዝሆኖች ይናገራል። ስለዚህ የግብፅን ዝሆን ምልመላ ከእስክንድርያ አውጥታችሁ ቀይ ባሕርን ከሚነካ ግዛት ጋር እሰሩት፤ ያንን ግዛት ያጣ ዝሆን ያጣል። የታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደጻፈው በራፊያ ከ73ቱ የአፍሪካ ዝሆኖች አብዛኞቹ ከ102ቱ የህንዶቹ ፊት ሸሽተዋል፤ በጥሊሞስ ግን በእግረኛው አሸንፏል። የአፍሪካውን ዝሆን ሞራል ከህንዱ አሳንሱ፤ የሁለቱንም ቀለብ ከ400 በታች አታውርዱ፤ ዝሆን ጦሩን ሁሉ የሚተካ መሆን የለበትም።

መቄዶንያን የሚያስቸግራት ከፊት ያለው ነው። በ272 ሲጀመር ኤጲሮስ ትልቅ ጦር ካላት መቄዶንያ 15ኛውን ዙር ላታይ ትችላለች። የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሮስ በዚያው ዓመት አርጎስ ላይ ስለሞተ ሠራዊቱን ግማሽ አድርጎ ማስነሣት ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ቆሮንቶስን፣ ካልኪስንና ዴሜጥርያስን በጠንካራ ጠባቂ ለመቄዶንያ ስጡ፤ ግሪክን የምትይዘው በእነሱ ነበር። የመቄዶንያው ንጉሥ አንጢጎኖስ ጎናጣስ የሴሌውቅያን መሥራች የሴሌውቆስን ልጅ ፊላን ስላገባ ከሴሌውቅያ ጋር በሰላም ይነሡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዱ ካበጠ ስክሪፕት (ጨዋታው በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) ይጻፋል። የወገኑ ዙር ሲጀምር የከተማው ብዛት ከ18 ካለፈና ካዝናው ከ10,000 ከበለጠ 2,000 ይቀነስ፤ ከ24 ካለፈ ሌላ 2,000። ሁለቱ ሁኔታዎች አብረው እንደሚሠሩ አስተውሉ፤ 25 ከተማ ያለው የሚያጣው 4,000 ነው። የካዝናውን ሁኔታ ከዘለላችሁ ወገኑ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ምልመላ ያቆማል፣ በ10 ዙር ውስጥም ጎረቤት ሁሉ ይቀራመተዋል። መቄዶንያ ከ10 ከተማ ስታልፍ ደግሞ ለግሪኮቹ ወገን 1,500 ይጨመር። ከ267 እስከ 261 አቴናና ስፓርታ የተዋጓት በበጥሊሞስ ድጋፍ ነበርና ከታሪኩ አይጋጭም። በዚህ ጨዋታ በአማካሪው በኩል የሚነሣ ስክሪፕት ዘመቻው ከፋይል በተከፈተ ቁጥር እንደገና መነሣት አለበት፤ «ስክሪፕቱ አልሠራም» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ነጥብ የምትነኩት አሁን ነው፤ እሱም በ1 በ1፣ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ። የዴስክር ስትራት ለውጥ አዲስ ዘመቻ ስለሚፈልግ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሦስቱን ሩጫ ከዜሮ ጀምሩ። በሦስቱም ሩጫ ሦስቱ ወገኖች 100ኛው ዙር ላይ ቆመው ከተገኙ፣ ማንም ከ25 ከተማ ካላለፈ፣ ደማስቆም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ባለቤት ከቀየረች ቁጥሮቹን ተዉአቸው።