ፕሪንተሩ ከነዘራችሁ ዝም አትበሉት

የተቀረቀረ ወረቀት ልታወጡ ክዳኑን ስትከፍቱ ብረቱ ጣታችሁን ንዝር አድርጓችሁ ያውቃል? እኛ ቢሮ ለወራት እንዲህ ነበር። «ትንሽ ኮረንቲ ናት፣ ምንም አትልም» እየተባለ ታለፈ። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ፤ አንድ ቀን የዩኤስቢ ገመዱን ላፕቶፔ ላይ ልሰካ ስል ብልጭ አለና ቀዳዳው በዚያው ሞቶ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሪንተሩ ውስጥ መብራቱ በሚገባበት በኩል ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ እነሱም ወደ ብረቱ አካል ጥቂት ኮረንቲ ያሳልፋሉ። ግራውንድ፣ ማለትም ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ካለ ወደዚያ ይወርዳል፣ ማንም አያውቀውም። ከሌለ ብረቱ ላይ የ220ው ግማሽ ገደማ ቮልቴጅ ይቀመጣል። ይቺ ንዝረት ለብቻዋ ብዙም አትጎዳ ይሆናል። የሚያስፈራው ውስጥ የተላጠ ሽቦ ብረቱን የነካ ቀን ነው፤ ያኔ በደንብ የተሠራ ግራውንድ ካለ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከሌለ ደግሞ ብረቱ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።

መጀመሪያ ስፒናውን እዩት። ክብ ከሆነ ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ብረት ግራውንዱ ነው፣ ግድግዳው ሶኬት ውስጥም እሱን የሚነኩ ሁለት የብረት ምላሶች መኖር አለባቸው። ምላሶቹ አሉ ማለት ግን ሽቦው አለ ማለት አይደለም! የእኛን ኤሌክትሪሺያኑ ሲፈታው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከጀርባ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ያሰረው ሰው ሰንፎ ነው መሰለኝ። እናንተ ሶኬት አትፍቱ። ባለሙያው በቴስተር ይለካው፤ ከፌዝ (ኮረንቲው ከሚመጣበት ሽቦ) ወደ ግራውንድ 220 ቮልት አካባቢ፣ ከኑትራል (ከሚመለስበት ሽቦ) ወደ ግራውንድ ደግሞ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። «ከኑትራሉ ጋር ላገናኘው፣ ያው ነው» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ኑትራሉ የተበጠሰ ዕለት ፕሪንተሩ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም አይሆንም፣ ግማሹ ቧንቧ ዛሬ ፕላስቲክ ነው።

ግድግዳው ደህና ሆኖ ዲቫይደሩ ጉድ የሚሠራበት ጊዜም አለ። ርካሾቹ ፊታቸው ሦስት ቀዳዳ፣ ገመዳቸው ውስጥ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ባለ ሦስት እግሩን ስፒና ወደ ሁለት የሚቀይሩት ትንንሽ አዳፕተሮችም ብዙዎቹ ግራውንዱን እዚያው ይቆርጡታል።

ሌዘር ፕሪንተር ከሆነ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲግል ወደ 1000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ደግሞ ብዙ ጊዜ 400 ዋትም አይሞላም። ስለዚህ ዩፒኤሱ በየህትመቱ ሲጮህ ባትሪው አርጅቶ ሳይሆን ጭነቱ ከብዶት ሊሆን ይችላል። ከውሃ ማፍያው ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ማድረግ ደግሞ ገመዱን ማቅለጥ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሳትሰኩት ጀርባውን አንብቡ። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ ካለ እዚህ ሶኬት ላይ ይቃጠላል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ስትነቅሉ ገመዱን ሳይሆን ስፒናውን ይዛችሁ!