የሜስትሬ ፓስቲኛን ሕይወት ሲጽፉ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቪሴንቴ ፌሬራ ፓስቲኛ እ.ኤ.አ. በ1889 በብራዚል የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ በሳልቫዶር ተወልደው በ1981 እዚያው ያረፉ፣ ትግልን፣ ጭፈራንና ሙዚቃን ያጣመረው የአፍሮ-ብራዚል ጥበብ ካፖዌራ ውስጥ «ካፖዌራ አንጎላ» በሚባለው ስልት የታወቁ ሜስትሬ፣ ማለትም መምህር ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚፈጽሟቸው ስህተቶች አሉ።

አንደኛው የልጅነት ታሪካቸውን የበቀል ታሪክ ማድረግ ነው። እርሳቸው እንደተናገሩት፣ በጉልበት የሚበልጣቸው የሠፈር ልጅ ባገኛቸው ቁጥር ይደበድባቸው ነበር፤ ይህንን በመስኮት ሲመለከት የቆየ ቤኔዲቶ የተባለ አፍሪካዊ ሽማግሌ ወደ ቤቱ ጠርቶ ካፖዌራ አስተማራቸው። ጸሐፊዎች ትረካውን ደብዳቢው በተሸነፈበት ቀን ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን ትልቁ ነገር ሽማግሌው ጠቡን ገላግሎ ከመሄድ ይልቅ ልጁን ማስተማሩ ይመስለኛል፤ ፓስቲኛም ገና በልጅነታቸው በገቡበት የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የተማሩትን ለጓዶቻቸው ማካፈል ጀምረዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሌላ የካፖዌራ ስልት የመሠረቱትን መምህር ሜስትሬ ቢምባን የለውጥ ሰው፣ ፓስቲኛን ደግሞ የነበረውን ብቻ የጠበቁ አድርጎ ማቅረብ ነው። በ1890 የወጣው የብራዚል የወንጀል ሕግ ካፖዌራን ያስቀጣ ስለነበር፣ ጥበቡን ከመንገድ ወደ አዳራሽ ማስገባት ለሁለቱም የሕይወት ዘመን ሥራ ሆኗል። ቢምባ በ1930ዎቹ ትምህርት ቤታቸውን ሕጋዊ ዕውቅና አስገኙለት። ፓስቲኛም በ1941 ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የአንጎላ ስልት ተጫዋቾችን የመምራት አደራ ሲረከቡ ማእከል አቋቋሙ፤ ደንብ አወጡ፤ ለተማሪዎቻቸውም የሚወዱትን የኢፒራንጋ እግር ኳስ ክለብ ቢጫና ጥቁር ቀለም አለበሱ። ይህ ሁሉ የለውጥ ሥራ ነው።

ካፖዌራን የግልበጣ ትርኢት ብቻ አድርጎ መግለጽም መምህሩን ያሳንሳል። በአንጎላ ስልት ሁለቱ ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ እጃቸውን መሬት አስደግፈው፣ ዝቅ ብለውና ተጠባብቀው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጨዋታውን የሚመራው ጉንጋ የሚባለው ድምፀ ወፍራም ቤሪምባው (ባለ አንድ ክር፣ ቀስት መሰል የሙዚቃ መሣሪያ) ሲሆን፣ ፍጥነቱም ሆነ መጀመሪያና ማብቂያው በእርሱ ይወሰናል። ስለዚህ ጥሩ መምህር እግርን ብቻ ሳይሆን ጆሮንም ያሠለጥናል።

በመጨረሻም፣ በ1966 ወደ ዳካር ተጉዘው በመጀመሪያው የዓለም የጥቁር ሕዝቦች ጥበባት ፌስቲቫል መገኘታቸውን ጽፎ ታሪኩን በዚያ ክብር መዝጋት እውነቱን ይሸፍናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሳልቫዶር የፔሎሪንዮ ሠፈር የሚያስተምሩበት አዳራሽ ለሕንፃ እድሳት ተብሎ ተወሰደባቸው፤ ዳግመኛም አልተመለሰላቸውም። ዓይናቸው ጠፍቶ በድህነት አረፉ፤ ይህም ሳይለሳለስ ሊጻፍ ይገባዋል። ከእርሳቸው ሞት በኋላ ተማሪያቸው ዣዎ ፔኬኖ በሳልቫዶር በሳንቶ አንቶኒዮ ምሽግ ውስጥ፣ ዣዎ ግራንዴ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ በኒው ዮርክ ያንኑ ስልት አስተምረዋል።