ቡናው ሲያብብ ጓሮ ውስጥ የማይደረጉ ነገሮች

ጅማ ውስጥ የበልጉ ዝናብ ደህና አድርጎ ከጣለ ከሳምንት፣ ከ10 ቀን በኋላ የጓሮው ጠረን ይለወጣል። ቡናው አበበ ማለት ነው። ነጩ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ያውድና ይጠወልጋል። ሰው ግቢውን ማጽዳት የሚያምረው ታዲያ ልክ በዚህ ሰሞን ነው!

ዝናቡን ሳይጠብቁ ማጠጣት፦ የቡና እምቡጥ በበጋው ተኝቶ ይቆያል፤ የሚቀሰቅሰው ጥሩ ዝናብ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካጠጣችሁት አበባው ተበታትኖ ይወጣል። ኋላ አንዱ ፍሬ ሲቀላ ሌላው ገና አረንጓዴ ነው፤ ለቀማው ያሰለቻል።

አበባ ላይ መድኃኒት መርጨት፦ በእኔ እይታ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ስትጎበኘው የበለጠ ፍሬ ይይዛል። ንቧ ደግሞ የእናንተን አጥር አታውቅም። ከብሳናው ዛፍ ወደ ጌተሙ ዛፍ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት ቀፎ ትሄዳለች። መርጨት ግድ ከሆነ አበባው እስኪረግፍ ይቆይ።

ቀዳዳ ያለበትን ዛፍ ሳያዩ መቁረጥ፦ ያረጀ ዋንዛ «ሊወድቅ ነው» ተብሎ መጥረቢያ ከመነሳቱ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ያ መንቁረ ግዙፍ፣ ሲበር ክንፉ የሚያፏጭ ጥቁርና ነጭ ወፍ ጎጆው የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሴቷ ከገባች በኋላ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ የሚቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ወንዱ የሾላ ፍሬ በጉሮሮው ይዞ ይመጣና አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ ያጎርሳታል። ዛፉ ሥር የፍሬ ዘርና ኩስ ተከማችቶ ካያችሁ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ታገሡ።

የጥላ ዛፍ መመልመል፦ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሲወድቅ የቡናውን አበባ ይዞት ይወርዳል። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ቢሆን ይሻላል።

ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል፦ ተዉት፣ እዚያው ይበስብስ። የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፤ ወፎቹም ትል የሚጭሩት ከሥሩ ነው።

ለጦጣ ዳቦ መወርወር፦ ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፣ ዛፉ ላይ ከተተወ አያስቸግርም። ጦጣ ግን አንዴ ከቀመሰች በማግስቱ መስኮት ላይ ናት፤ ከዚያ ወጥ ቤት። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ ለፎቶ ብለው ሙዝ እንዳይሰጧት ቀድማችሁ ንገሯቸው።