የተማሪዎች ጭውውት በፌስቲቫል መድረክ፦ የተመልካችን ሳቅ ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ፒያሳ ባሉ አዳራሾች የተማሪዎች ፌስቲቫል ሲዘጋጅ ጭውውት ብዙ ጊዜ አይቀርም። ተዋናዮቹ ከመድረክ እንደወረዱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ሳቁ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ማን ሳቀ? መቼ? በምን? ጎበዝ የሚባሉት ቡድኖች እንኳ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሰው እየሳቀ መናገር

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። አብዛኞቻችሁ ጭውውት የለመዳችሁት ከስክሪን ነው። ወላጆቻችሁ ልመንህ ታደሰንና አለባቸው ተካን፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን በቴሌቪዥን አይተው ስቀዋል። እናንተ ደግሞ ቲክቶክ አላችሁ። ስክሪን ውስጥ ያለ ተዋናይ የተመልካቹን ሳቅ ስለማይሰማ አይጠብቀውም። መድረክ ላይ ግን መጠበቅ ግድ ነው። ሰዉ እየሳቀ ቀጣዩን ቃል ካወጣችሁ ያ ቃል አይሰማም። ይባስ ብሎ ተመልካቹ «ያመለጠኝ ነገር አለ» ብሎ ሳቁን መዋጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ የሚስቀው ፈራ ተባ እያለ ነው።

ታዲያ እስከ መቼ ይጠበቅ? ድምፁ ጭራሽ እስኪጠፋ አይደለም። ሳቁ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ግቡ። እስከዚያው ገጸ ባሕሪውን እንደያዛችሁ ቆዩ። ሻይ የምትቀዳ እናት ሆናችሁ እየተጫወታችሁ ከሆነ ስኳሩን አማስሉ፣ ሲኒውን አቀብሉ። ዞር ብላችሁ ለተመልካቹ ፈገግ ያላችሁ ቀን ግን እናትየዋ ጠፋች፤ የቀረችው ተማሪዋ ናት።

ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር ሲሆን ደግሞ ጨምራችሁ ታገሱ። ወርቁ እስኪገኝ ትንሽ ይቆያል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ሁለት ሰው ይስቃል። ከዚያ አንዱ ጎረቤቱን «ምን አለ?» ይለዋል። ከዚያ ነው አዳራሹ የሚናወጠው። በመሃል ያለችውን ዝምታ ፈርታችሁ ከሮጣችሁ ምርጡን ቀልዳችሁን ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

የፊት ወንበሩን እንደ ሙሉ አዳራሹ መቁጠር

ፊት ለፊት የክብር እንግዶች አሉ። ቀልዱ አለቃን ወይም መምህርን ነካ ሲያደርግ ከኋላ ያለው ተማሪ ቀድሞ የሚያየው እናንተን ሳይሆን የእንግዳውን ትከሻ ነው። ትከሻው ከተነቃነቀ ሁሉም ይለቀዋል። ካልተነቃነቀ አፍ በእጅ ይያዛል፣ ፊት በነጠላ ይሸፈናል። ይህን አይታችሁ «አልሳቁም» አትበሉ። ስቀዋል፤ የተሰማችሁ ግን ይሉኝታቸው ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ራሱ በአውሬዎች ተረት መኳንንቱን የሚነካ ኮሜዲ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታግዷል። ዓይናችሁን መሃል ረድፎች ላይ አድርጉ። እውነተኛው ምላሽ ያለው እዚያ ነው።

የዶርም ጓደኛን ፉጨት ማመን

ገና መጋረጃው ሲከፈት ያፏጫሉ። ደስ ይላል፤ መለኪያ ግን አይሆንም። የዲፓርትመንታችሁን መምህር አካሄድ ስታስመስሉ እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከሌላ ግቢ የመጣው ተመልካች ግን ሰውየውን አያውቀውም።

በሰው አነጋገር የተገኘን ሳቅ እንደ ድል ማየት

ከክፍለ ሀገር የመጣን ሰው አነጋገር ማስመሰል ቶሎ ያስቃል። እዚህ ላይ ግን የሳቀውን ትታችሁ ያልሳቀውን ፈልጉ። አዳራሹ ውስጥ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን የመጡ ልጆች ተቀምጠዋል። የእናቱ አነጋገር ሲቀለድበት አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚነካካ ልጅ አይታጣም። ከጭውውቱ ሁሉ ትልቁን ሳቅ ያመጣው ይህ ቀልድ ቢሆን እንኳ ቀልዱን አውጡት። ከተሜው ሊሸውደው ሲሞክር ባላገሩ ቀድሞ የነቃበት ታሪክ ጻፉ፤ ያኔ ያ ልጅም አብሮ ይስቃል።

ዝም ሲሉ መጮህ

ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው፤ አዳራሹም ሰፊ ነው። ክፍል ውስጥ የተለማመደ ቡድን እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ሲቆም የኋላው ሳቅ ደብዝዞ ይደርሰዋል። ይደነግጣል፣ ይጮሃል፣ ያልተጻፈ ነገር ይጨምራል። ከትርኢቱ በፊት አንድ ልጅ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጡና ድምፃችሁን ሞክሩ።

ስልክ ደቅኖ የሚቀርጽም ዝም ሊል ይችላል። ቪዲዮው እንዳይንቀጠቀጥ ሳቁን ይይዛል፤ እጁ ስለተያዘም አያጨበጭብም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ተነስቶ የሚወጣውም አብዛኛው የታክሲ ሰልፍ አስጨንቆት ነው።

በር ላይ «እንዴት ነበር?» ማለት

መልሱ ይታወቃል፦ «አሪፍ ነው፣ በርቱ ልጆች!» ሌላ ምን ይበሏችሁ? ይልቅ «የቱ ትዝ አለሽ?»፣ «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በሉ። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ከቡድኑ አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ ኋላ ቢቀመጥ ነው። በየመስመሩ ጎን ምልክት ያድርግ፦ ሳቅ፣ ፈገግታ፣ ሳል፣ የስልክ መብራት። በማግስቱ ጽሑፉን መሃል አስቀምጡና ሳልና የስልክ መብራት የበዛበትን ገጽ አንድ ላይ እንደገና ጻፉት።