ክሬቲን ካቆማችሁ በኋላ ብረቱ ከበዳችሁ? ችግርና መፍትሄ

ክሬቲን ብረት የሚያነሱ ሰዎች ለጡንቻ ጉልበት የሚወስዱት ዱቄት ነው። እሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር አስሉ። ካቆማችሁ ስንት ቀን ሆነ? አብሮትስ ሌላ ምን ቀረ? በሐዋሳ ጂሞች ክሬቲን ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ አብረው ይቀራሉ። ብር ሲያጥር ደግሞ ፕሮቲን ፓውደሩም ፕሪወርካውቱም (ከስፖርት በፊት የሚጠጣው ማነቃቂያ) ይቀራሉ። ጥፋቱ ግን ሁሉም በክሬቲን ይላከካል።

ቀን መቁጠር የሚጠቅመው ክሬቲን ከጡንቻ የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ነው። ከክምችቱ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ክሬቲኒን ወደሚባል ተረፈ ነገር ተለውጦ በሽንት ይወገዳል። በክሬቲን ሞልቶ የነበረ ጡንቻ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድበታል። የሚመለሰው መውሰድ ከመጀመራችሁ በፊት ወደነበረበት ነው እንጂ ወደ ባዶ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ በቀን 1 ግራም ገደማ ይሠራል፣ ከሥጋና ከዓሣም ያገኛል። «ከወሰድክ ሰውነትህ መሥራት ይረሳል» የሚባለው ወሬ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ስትወስዱ የሰውነት ምርት ይቀንሳል፣ ስታቆሙ ግን ይመለሳል።

«ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን አቅም አጣሁ»

ይህ ክሬቲን አይደለም። በሦስተኛው ቀን ጡንቻችሁ አሁንም ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። እንቅልፍንና ምግብን አስቀድማችሁ አጣሩ። ራስ ምታት፣ ድብርትና መነጫነጭ ካለበት ደግሞ የተዋችሁትን ዕቃ መለያ አንብቡ፤ ፕሪወርካውት ከነበረ በአንድ ስኩፕ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን አለው። የካፌይን እጦት ካቆሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል።

መፍትሄው ደጃችሁ ላይ ነው፤ የሲዳማ ቡና አገር ተቀምጦ በካፌይን እጦት ራስን ማሰር አያስፈልግም። ጠዋት አንድ ሁለት ሲኒ ጠጡና በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሱ።

«ኪሎዬ ወረደ፣ ክንዴ ሟሸሸ»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ1 እስከ 2 ኪሎ መውረድ የሚጠበቅ ነው። ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ውኃውም ይከተለዋል። መስታወት ፊት የሚታየው መሟሸሽ ይኸው ነው።

የወረደው ውኃ ይሁን ጡንቻ ለመለየት በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ ምንም ሳትቀምሱ በአንድ ሚዛን ተመዘኑና አማካዩን ያዙ። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ወገቡ ባለበት ከሆነና የምታነሱት ብረት ካልወረደ የሄደው ውኃ ነው፤ ምንም አታድርጉ። ከ3 ኪሎ በላይ ከወረደ ወይም ከ6 ሳምንት በኋላም መውረዱ ካላቆመ ግን የጎደለው ምግብ ነው። ጨው በመጨመር ወይም ውኃ በላይ በላይ በመጠጣት ያንን መልክ መመለስ አይቻልም።

«8 ጊዜ የምገፋውን አሁን 6 ላይ እቆማለሁ»

እውነተኛው የክሬቲን ምልክት ይህ ነው፤ የሚመጣውም ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀስ እያለ ነው። ጡንቻ በከባድና በአጭር ሥራ የሚያቃጥለው ኤቲፒ የሚባለውን ነዳጅ ነው። በጡንቻ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ቶሎ ስለሚያልቅ ፎስፎክሬቲን (ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው የክሬቲን ዓይነት) ወዲያው መልሶ ይሞላዋል፤ እሱም በሙሉ ኃይል ለ10 ሰከንድ ገደማ ያገለግላል። ክምችቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዳው የመጨረሻዎቹ ድግግሞሾችና የኋለኞቹ ዙሮች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የምታነሱት ትልቁ ክብደት እምብዛም አይነካም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ብረቱን ማቅለል ነው። ድግግሞሹ ይመለስላቸዋል፣ ጡንቻውን ያቆየው የነበረው ጫና ግን ይቀንሳል። የሚሻለው ክብደቱን እንዳለ ይዞ ዕረፍቱን ማርዘም ነው። ከከባድ ዙር በኋላ ከፎስፎክሬቲኑ ግማሽ ያህሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል፤ አብዛኛው እንዲመለስ ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ ቤንች፣ ስኳትና ዴድሊፍት ባሉ ከባድ እንቅስቃሴዎች ዙሮች መካከል 90 ሰከንድ ታርፉ ከነበረ 3 ደቂቃ አድርጉት። በ80 ኪሎ 8 ጊዜ ከነበረ 6 ወይም 7 ላይ ቁሙ፤ ጎደለ ካላችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ጨምሩ። ለባይሴፕስና ለትከሻ ጎን ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ጊዜ ካጠራችሁ በእነዚህ ቀላል እንቅስቃሴዎች ላይ ዕረፍቱን ቀንሱ።

አንድ ጊዜ የምታነሱት ትልቁ ክብደት ራሱ በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ከወረደ ክሬቲንን ተዉትና ወደ ሳህናችሁ ተመለሱ።

«ሁዳዴ ሲገባ አቆምኩ፣ ለፋሲካ ሌላ ሰው ሆንኩ»

የሁዳዴ 55 ቀን ከ6 ሳምንት ይበልጣል፤ ስለዚህ ክሬቲኑ በእርግጥ ወደ መነሻው ወርዷል። ነገር ግን ከእሱ የበለጠ የሚጎዳው የፕሮቲኑ መቅረት ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን በኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው፤ ለ75 ኪሎ ሰው 120 ግራም ማለት ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም። ሳይበስሉ ተመዝነው 150 ግራም ምስር፣ 100 ግራም ሽሮ፣ 60 ግራም ለውዝና የ200 ግራም ጤፍ ዱቄት እንጀራ ወደ 100 ግራም ፕሮቲን ይጠጋሉ። 60 ግራም አኩሪ አተር ሲጨመር ግቡ ይሞላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስፖርቱን ከምግብ በኋላ፣ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ቢያደርገው ይሻላል።

ክሬቲኑንስ ማቆም ግድ ነበር? ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ከሥጋ አይወጣም፤ ፋብሪካ ውስጥ ከሳርኮሲንና ከሳያናሚድ የሚሠራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ካፕሱሉ ነው፤ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚገኝ ጄላቲን ነው። ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፤ የምትነግሯቸው ግን ይህን ነው። በረመዳን ደግሞ ማቆም አያስፈልግም፤ የቀኑን መጠን በማፍጠሪያ ወይም በሱሑር መውሰድ ይቻላል።

«ዱቄቱን ትቼ ከምግብ አገኘዋለሁ» ለሚሉ፦ አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ያለው ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፣ ሲበስል ከፊሉ ይጠፋል። ቁርጥ ወዳዶች ፈገግ ከማለታቸው በፊት ኮሶውንም ያስቡ። የሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሦች፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ ለፕሮቲን ሁነኛ ናቸው፣ ለክሬቲን ግን በየቀኑ ኪሎ መብላት ሊጠይቃችሁ ነው።

«ኩላሊትህ ላይ ችግር አለ ተብዬ አቆምኩ»

ክሬቲን ሲወሰድ ክሬቲኒኑም ስለሚበዛ የደም ምርመራው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ኩላሊቱ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ጡንቻ የበዛበት ሰው፣ በዋዜማው ከባድ ስፖርት የሠራ ወይም ብዙ የበሰለ ሥጋ የበላ ሰውም ቁጥሩ ይጨምራል። ለሐኪሙ ምን ያህል ስትወስዱ እንደነበርና መቼ እንዳቆማችሁ ንገሩ። ምርመራው መቼ ይደገም እንደሚል ጠይቁ፤ ክምችቱ እስኪወርድ ሳምንታት እንደሚወስድ አትርሱ። ሲስታቲን ሲ የሚባለው ሌላ የኩላሊት የደም ምርመራ በክሬቲን አይዛባም፤ በምትታዩበት ቦታ ካለ ጠይቁ። እግር ካበጠ፣ ሽንት አረፋ ከበዛበት ወይም የደም ግፊት ከጨመረ ግን ነገሩን በዱቄቱ ላይ አታሳቡ፤ በቶሎ ታዩ። የኩላሊት ሕመም እንዳለበት የታወቀ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምርም፣ አይመለስበትምም።

«አቆምኩ፣ ምንም አልተለወጠም»

ከ6 ሳምንት በኋላም ኪሎውም ድግግሞሹም ባሉበት ከሆኑ ሦስት ምክንያት ይኖራል። ክምችታቸው ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ሲወስዱም ብዙ ለውጥ አያዩም። መጠኑ ያንስ የነበረ ወይም ቀን የሚዘለል ከነበረም ጡንቻው አልሞላም ነበር። ሦስተኛው ዱቄቱ ራሱ ነው፤ በተለይ ከትልቅ ዕቃ ተከፍሎ በላስቲክ የሚሸጥ ከሆነ።

አንድ ቀላል ሙከራ አለ። 5 ግራም ሞኖሃይድሬት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ (250 ሚሊ ሊትር) ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ታች የሚቀር ነጭ አሸዋ መሰል ነገር ይኖራል፣ ጣዕምም የለውም ማለት ይቻላል። «ያለ ምንም ጣዕም ንጹህ ሞኖሃይድሬት» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዱቄት ወዲያው ሟሙቶ ከጣፈጠ ግሉኮስ ወይም ሌላ ነገር ተደባልቆበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሙከራው ሐሰተኛውን ሊያጋልጥ ይችላል፣ ትክክለኛውን ግን አያረጋግጥም።

መልሶ ለመጀመር

በየወሩ እያቆሙ የመጀመር ልማድ ጥቅም የለውም፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሳታቋርጡ መውሰድ ይበቃል። በየሻይ ማንኪያ መለካት ግምት ነው፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይሻላል። በቀን በ3 ግራም ጡንቻው በ4 ሳምንት ገደማ ይሞላል። የቸኮለ ሰው ከ5 እስከ 7 ቀን በቀን 20 ግራም፣ በአራት ተከፍሎ 5 5 ግራም፣ ከምግብ ጋር ይውሰድ። ሁሉንም ባንዴ የጨለጠ ተቅማጥ ይጠብቀዋል። ካስቀመጠው ወደ 3 ግራም ወርዶ በብዙ ውኃ ይቀጥል። የተበጠበጠውን ደግሞ በሐዋሳ ሙቀት በጠርሙስ አታሳድሩት፤ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ ክሬቲኒን ይለወጣልና በዚያው ጠጡት።