በጠባብ በጀት አውሮፕላን መሥራት ለሚጀምሩ፦ ለደብረ ብርሃንና አካባቢዋ

ሞተሩን መጨረሻ ላይ ግዙ። ብዙ ጀማሪ ርካሽ የቮልስ ሞተር ሲያገኝ ያለውን ገንዘብ እዚያ ላይ ያፈሳል። ክንፉ እስኪደርስ ሞተሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይዝጋል፤ ለእንጨትና ለማጣበቂያም ሳንቲም አይተርፍም።

መጀመሪያ የሚገዛው ፕላን፣ ማለትም የአሠራሩ ሥዕል፣ ነው። ክንፍ በግምት አይነደፍም፤ ለዓመታት የበረረ፣ ከእንጨት የሚሠራ ባለአንድ ወንበር ምረጡ። በ1948 እ.ኤ.አ. መብረር የጀመረው የፈረንሳዩ ጆዴል ዲ9 አንዱ ነው። ፕላኑ ላይ የሰፈረው ጉልበትና ፍጥነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ፣ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ ወደ 43 ይወርዳል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነትም 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲገባ አውሮፕላኑ 3,700 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ክንፉ ሰፊ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነውን ምረጡ። በተለይ ጅራት ላይ ተጠንቀቁ፦ እዚያ የተጨመረ 1 ኪሎ፣ ሚዛን ለመጠበቅ አፍንጫ ላይ 3 ኪሎ ያህል ሊያስጨምር ይችላል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ምን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ጠይቁ። እያንዳንዱን መጋጠሚያም ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሡ።

ባሕር ዛፍ በአካባቢው ሞልቷል፤ ለሥራ ጠረጴዛ ይሁን እንጂ ለክንፉ ዋና ተሸካሚ፣ ለስፓር፣ አይሆንም። ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ለስፓር ስፕሩስ የሚባለውን የአቪዬሽን እንጨት አስመጡ፤ እዚህ ቁጠባ የለም። ሲደርሳችሁ ፈትሹት፦ የእንጨቱ ጅማት በ15 ሴንቲሜትር ርዝመት ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ካዘነበለ መልሱት። እርጥበቱን ለማወቅ ቁራጭ መዝኑ፣ 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ፣ ደግማችሁ መዝኑ። 110 ግራሙ 100 ከሆነ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ጥሩ ነው።

ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ ነው። ነጩ የአናጢ ኮላ ጭነት ሲቆይበትና ሲሞቅ ስለሚሸሽ አይሆንም። ኢፖክሲ፣ ከሬዚንና ከማጠንከሪያ የሚቀላቀል ማጣበቂያ፣ ተጠቀሙ፤ ሁለቱን መመሪያው ባዘዘው መጠን በሚዛን ለኩ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጠላቱ ነው፦ ብዙው ኢፖክሲ ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። ረፋድ ላይ አጣብቁ፣ ሌሊቱን ክፍሉን አሙቁ። በሞርሳ አጥብቃችሁ አትጭመቁ፤ ማጣበቂያው ሁሉ ይወጣና መጋጠሚያው ደረቅ ይቀራል። ከየብጥብጡ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቁና ሲደርቅ በመሮ ሰንጥቁ። እንጨቱ ከተቀደደ ደህና ነው፤ ማጣበቂያው አንጸባርቆ ከተላቀቀ በዚያ ብጥብጥ የተጣበቀው ሁሉ ይፈርሳል።

ብሎን ከተራ ሱቅ አትግዙ፤ ጥንካሬው አይታወቅም። ኤኤን የሚባለውን የአቪዬሽን ደረጃ ፈልጉ፤ ርዝመቱም ጥርሱ በተሸካሚው ብረት ውስጥ የማያርፍ ይሁን።

ሥራውን ከጅራቱ መሪ፣ ከራደሩ፣ ጀምሩ፤ ትንሽ ነው፣ ቢበላሽም ኪሳራው አይጎዳም። ከዚያ ወደ ክንፍ አጥንቶች፣ ወደ ሪቦቹ፣ እለፉ። ጠፍጣፋ ቺፕውድ ላይ የፕላኑን ሥዕል ለጥፉ፣ እንዳይጣበቅ ላስቲክ አንጥፉበት፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ የእንጨት ማገጃ ምቱ፤ ሁሉም ሪብ ከዚሁ ቅርጽ ይወጣል። የመጀመሪያውን ሪብ ለክንፉ አታስቀምጡት። ስፓሮቹ በሚያልፉበት ቦታ ደግፉት፣ ላዩ ላይ የተመዘነ አሸዋ በከረጢት እየጨመራችሁ እስኪሰበር ጫኑት። የተሰበረው እንጨቱ ከሆነ ቀጥሉ፤ መጋጠሚያው ላይ የተለጠፈው የኮምፔንሳቶ ማጠናከሪያ ከእንጨቱ ተላቆ ከሆነ ግን ወደ ማጣበቂያው ፈተና ተመለሱ።