የወረዳ አገልግሎትን ከባለጉዳዩ መንገድ ተነሥቶ እንዴት መከታተልና መመዘን ይቻላል?

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ስንት ተገልጋይ ለማስተናገድ እንደታቀደና ስንቱ እንደተስተናገደ ይዘረዝራል። ባለጉዳዩ ለአንድ ማኅተም ስንት ቀን እንደተመላለሰ፣ ሳይስተናገድ ወደ ቤቱ የሄደውም ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ክትትልና ምዘና የሚያስፈልገው ይህንን ለማወቅ ስለሆነ፣ ሥራው ባለጉዳዩ ከሄደበት መንገድ ሊነሣ ይገባል።

መጀመሪያ አንድ አገልግሎት ብቻ ይምረጡ። ጤናውን፣ ውኃውን፣ መሬቱንና ንግድ ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ለመመዘን የተነሣ ኮሚቴ ሁሉንም ላይ ላዩን ነክቶ ይተወዋል። እዚህ ለማሳያ የልደት ምዝገባን እንውሰድ።

ቀጥሎ መለኪያውን በእጅዎ ያስገቡ። ስለ ወሳኝ ኩነት፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የዜጎች ቻርተር ደግሞ አገልግሎቱ የሚወስደውን ጊዜ፣ የሚጠየቀውን ማስረጃና ክፍያውን መግለጽ አለበት። የገጠር ውኃን የሚመዝን ሰው ከሆኑ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የአገሪቱ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠውን፣ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚለውን መነሻ ማድረግ ይችላሉ። መለኪያ ሳይያዝ የሚሰበሰብ አስተያየት ምሬትና ምስጋና ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሥራ ልኬቱ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ለሚገባው ሁሉ የገባበት ሰዓት የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይስጥ፤ በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ባለጉዳዩን ማስተናገድ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ይሙላበት፤ ወረቀቱም ሲወጣ በሩ ላይ ይመለስ። ለምሳሌ ሕፃን ያዘለች እናት ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ገብታ 5 ሰዓት ከ10 ወጣች እንበል። ወረቀቷ ሲታይ መስኮቱ ላይ የቆየችው 9 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረውን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ የበላው ወረፋው፣ የመዝገብ ፍለጋውና የፈራሚው አለመገኘት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ሠራተኛው ሰነፍ ነው ከሚል ፍርድ አውጥቶ አሠራሩን እንድንመረምር ያደርገናል። ልኬቱ የገበያ ቀንን ጨምሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይውሰድ፤ ሳይስተናገድ ለተመለሰውም የተነገረው ምክንያት፣ «ሲስተም የለም»ም ሆነ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በተነገረው ቃል ይመዝገብ። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ብቻውን ይህንን አይተካም፤ መጻፍ የማይችለው ባለጉዳይ በሳጥኑ ውስጥ ድምፅ የለውምና።

ከዚያ ተገልጋዮቹንና ሠራተኞቹን በማኅበረሰብ የውጤት ካርድ፣ ማለትም ሁለቱም ወገኖች ለአገልግሎቱ ነጥብ ሰጥተው በውጤቱ ላይ በሚነጋገሩበት ዘዴ፣ ያወያዩ። ይህ ዘዴ ኬር በተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት አማካይነት በማላዊ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ በአገራችንም በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራምና በጤና ጣቢያዎች ሲሠራበት ቆይቷል። ሴቶች፣ ወጣቶችና አካል ጉዳተኞች ለየብቻቸው ተቀምጠው ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ፤ ምክንያቱንም ያስረዱ። ሠራተኞቹም በተመሳሳይ መመዘኛ ራሳቸውን ይመዝኑ። በአንድ አዳራሽ ሲደባለቁ ሽማግሌዎቹና ሹማምንቱ ይናገራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት በሚገናኙበት ቀን ስብሰባውን ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ የሆነና ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ይምራው። «ግምገማ» የሚለው ቃል ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ስሙ ተጠርቶ የሚወቀስበትን መድረክ ስለሚያስታውሰው፣ የሠራተኛ ስም እንደማይነሣ አስቀድሞ ይነገር፤ ይህ ካልሆነ ሠራተኛው የመዝገብ ቤቱን ችግር ከመግለጥ ይልቅ ራሱን መከላከል ይይዛል። እጅ መንሻ የጠየቀ ሰው ካለ ጉዳዩ በዚህ መድረክ ሳይሆን በሕጋዊው የጥቆማ መንገድ ይታይ።

የጋራ ዕቅዱ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል። ውክልና ሰጥቶ ተተኪ ፈራሚ መመደብ በሳምንት የሚያልቅ ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው ግን ከበጀት ጋር መያያዝ አለበት፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ የሚቀርብ የኮምፒውተር ጥያቄ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ምዘናውን የወረዳው በጀት ከመደልደሉ በፊት፣ ቢቻል በመጋቢት ማጠናቀቅ ይመረጣል። ከወረዳው አቅም በላይ የሆነው ለዞኑ ወይም ለክልሉ በደብዳቤ ይተላለፍ፤ የደብዳቤው ቁጥርና ቀንም ዕቅዱ ላይ ይስፈር።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው በር፣ በዚያው ወረቀት፣ ለዚያው ያህል ቀን እንደገና ይለኩ። የሁለቱ ጊዜ ውጤት ከቻርተሩ ጎን ይለጠፍ፤ በመጀመሪያው መስመርም ሳይስተናገዱ የተመለሱት ሰዎች ቁጥር ይጻፍ።